እጄን አጣጥፌ የቆምኩበት ደቦ

ያ ዝምታ ሁለት ሰከንድ ቢቆይ ነው። ሦስት አይሞላም። ግን ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ዕቃ ሳጥብ ይመጣል። ባቡር ስጠብቅ ይመጣል። ሰው በስሜ ጠርቶኝ "አቤት" ሳልለው የቀረሁ ያህል ይከነክነኛል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ቦስተን ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የማታ ተራ እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ነበረች፤ ሙዚቃ ነፍሷ ነው። የእረፍት ቀኗን ከአንዱ ትንሽ ክለብ ወደ ሌላው ስትዞር ታሳልፋለች። አንድ ማለዳ ዓይናችን ቀልቶ ከሥራ ስንወጣ፣ "የአገርህ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ካምብሪጅ ይመጣል፤ አብረን እንሂድ?" አለችኝ።

"ማናቸው?"

"ዴቦ ባንድ።"

"ደቦ ነው የሚባለው" ብዬ አረምኳት።

ባንዱን የሰማችው በእኛ ሰው በኩል አልነበረም። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በሰብ ፖፕ ሥር ባለ አሳታሚ ነው። ሰብ ፖፕ ማለት የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም ያሳተመው የሲያትሉ ድርጅት ነው። እሷ እንደ ደንበኛ ትከታተላቸዋለች። እኔ እዚያው ቦስተን እየኖርኩ፣ ባንዱም ከ2006 ጀምሮ እዚያው ቦስተን እየተጫወተ፣ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም ነበር።

ቤት ገብቼ ፎቷቸውን አየሁ። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች አይደሉም። የተሰማኝን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ደስ አላለኝም። እንግዳ ሰው እናቴ ጓዳ ገብቶ ወጥ ሲያማስል ያየሁ መሰለኝ። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" አልኩ በሆዴ። ከእናቶቻችን ቤት ሬዲዮ የሰማነውን ዘፈን እነዚህ ከየት ያውቁታል? ቢሆንም ቃል ገብቼ ነበርና ሄድኩ።

"ዳር የሚቆም ሰው የለም"

በቀዩ መስመር ባቡር ቻርልስ ወንዝን ስንሻገር ነርሷ፣ "ደቦ ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ወደድኩት። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አልነበረም።

ያደግኩት ጎጃም ነው፤ ደጀን ገጠሩ ውስጥ። ጤፍ አገር ነው። ኅዳር ላይ ማሳው ሲደርስ አባቴ አገሩን ሁሉ ደቦ ይጠራል። እናቴ ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ ከጌሾና ከብቅል ጋር ትሰነብታለች። በዕለቱ ሠላሳም አርባም ሰው ማጭዱን ይዞ ከጎህ ጋር ይደርሳል። ወንፈል ሌላ ነው፤ ወንፈል ተቆጥሮ ይመለሳል። ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ላንተ። ደቦ ሰፋ ይላል። ማንም ቆጥሮ አይጠይቅህም፤ ግን ሁሉም ያውቃል።

ማጭድ ብቻውን እንደማይሄድም ነገርኳት። ዘፈን አለ። አንድ ድምፁ ያማረ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አውራጁ ሲደክመው የተቀባዮቹ ድምፅ ይጎትተዋል። ወገብ የሚቀናው፣ ፀሐይ የሚረሳው በዚያ ነው። ተቀባይ የሌለው አውራጅ ሜዳ ላይ ብቻውን እንደሚለፈልፍ ሰው ነው።

አንዲት ነገር ጨመርኩላት። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የከተማ ዘመዳችን በደቦ ቀን መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከማሳው ዳር ቆሞ እጁን አጣጥፎ ያያል። አያቴ ጠላ የያዘ ገንቦዋን አውርዳ ጠጋ አለችውና፣ "የኔ ልጅ፣ ወይ እጨድ፣ ወይ ውኃ አቀብል፣ ወይ ተቀበል። ደቦ ላይ ዳር የሚቆም ሰው የለም" አለችው። ሰውዬው ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ይህን ስነግራት ነርሷ ሳቀች። እኔም አያቴን ስላነሳሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ያወራሁት ተመልሶ ወደ እኔ እንደሚመጣ በዚያ ሰዓት አላሰብኩም።

አሥራ አንድ ሰው፣ አንዲት ጠባብ መድረክ

ክለቡ ሴንትራል ስኩዌር አካባቢ ነው። በሩ ላይ 12 ዶላር ከፍለን እጃችን ላይ ማኅተም ተመታልን። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ወለሉ የቢራ ቅሪት ይዞ ጫማን ለቀቅ አያደርግም። መቶ ሃምሳ ሰው ቢገባ ትከሻ ለትከሻ ነው። መድረኩ ደግሞ ከአንድ መኝታ ቤት አይበልጥም።

እዚያ ላይ አሥራ አንዱም ወጡ። እንዴት እንደቻሉ አላውቅም። ሳክስፎኖች፣ መለከት፣ ትሮምቦን፣ ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ጊታር፣ ድራም። አንዱ ሱዛፎን ትከሻው ላይ ጠምጥሟል፤ ያ ትልቁ ጥሩምባ አፉ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ትሮምቦኑ ሲዘረጋ የፊቱ ሰው ጎንበስ ይላል። ቫዮሊኗ ቀስቷን ስትስብ ክርኗ ከጎኗ ያለውን እንዳይመታ ትጠነቀቃለች። አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ ነው የሚጫወተው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው አባባል በዓይኔ ሲሄድ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ነፉ።

ምን ልበላችሁ። እኔ ይህን ከአብዮቱ በፊት የነበረ ሙዚቃ የማውቀው በካሴትና በሬዲዮ ነው። ካደግኩ በኋላ ያየሁት ሁሉ ኪቦርድ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ ሲዘጋው ትልልቆቹ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች እየሳሱ ሄዱ። ቀስ በቀስ አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ይዞ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ መለከቱንም በጣቱ መጫወት ጀመረ። እዚህ አሜሪካም የእኛ ዝግጅት እንደዚያው ነው፤ አዳራሽ፣ ኪቦርድ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የሚመጣ ዘፋኝ። ኪቦርዱን አልንቅም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ሳክስፎን ሲነፋ አየሩ ደረት ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም ነበር። ያ ድምፅ የሰው ትንፋሽ ነው። ነፊው ትንፋሽ ሲያጥረው ይሰማል። ሠላሳ ምናምን ዓመት በሕይወት ኖሬ፣ የአገሬን ሙዚቃ በትንፋሽ የሰማሁት በባዕድ አገር፣ ከነርስ ጓደኛዬ ጋር፣ በ12 ዶላር ነው።

ቢሆንም እጄን አላላላሁም። ከኋላ፣ ባሩ አጠገብ፣ አሥራ አምስት የምንሆን ሐበሾች ቆመናል። አንተዋወቅም። ግን ሁላችንም በአንድ ዓይነት ቆመን ነበር፤ እጅ ደረት ላይ ተጣጥፎ፣ አገጭ ቀና ብሎ። እየፈረድን ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ችክችካውን ይስተዋል። እኛ ስድስቱን የምንቆጥርበት ቦታ ላይ እነሱ አራት ይቆጥራሉ። ጎኔ የቆመው ልጅ ይህን ሰምቶ ፈገግ አለ፤ እኔም አየሁትና ፈገግ አልኩ። ሳንነጋገር ተስማማን። የኛ ነው፤ እነሱ አያውቁትም።

ሁለት ሰከንድ

ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ሞቅ ያለ ጨዋታ ገባ። ድምፃዊው ብሩክ ተስፋዬ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። መለከቶቹ በአንዴ ቆሙ። ድራሙና ሱዛፎኑ ብቻ ቀሩ። ብሩክ አንድ ሐረግ አወረደና ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

መልሱ ሁለት ቃል ነው። ሠርግ ላይ የተገኘ፣ ጥምቀት ያየ ሐበሻ ሁሉ በእንቅልፍ ልቡም ይመልሰዋል። እኔ ከመናገር ጋር አብሬ የተማርኩት ይመስለኛል።

ማንም አልመለሰም።

ፊት ያሉት አሜሪካውያን አያውቁትም። ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተዋል፤ የሚሉት ጠፋቸው። መድረኩ ላይ ያሉት ነፊዎች መሣሪያቸውን ከአፋቸው አውርደው ራሳቸው መለሱ። "ጨ"ዋ ለዘብ ብላ ነበር። "ቀ"ዋም "ከ" ሆናለች። ግን መለሱ። በቦታው መለሱ።

ብሩክ ደግሞ አወረደ። አሁን ነፊዎቹ ዝም አሉ፤ ለእኛ ተዉልን። ማይኩ እንደገና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

ያ ነው ዝምታው። ድራሙ ይመታል፤ በድራሙ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ቅርጹን አውቀዋለሁ። ስንት ቃል እንደሚይዝ፣ ድምፁ የት ላይ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ። ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ። አልወቀሰችኝም። እንዲያው ጠበቀችኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ባቡር ላይ ስለ አውራጅና ተቀባይ ስነግራት የሰማችው ሁሉ ፊቷ ላይ ነበር። የእኔ እጅ ብብቴ ሥር እንደታጠፈ ነው። አፌ ደረቀ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። አልወጣም።

ለምን እንዳልወጣ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛው ነገር ፍርሃት ነው፤ አሥራ አራቱ ሐበሾች ይሰሙኛል። እየፈረድኩ የነበርኩት አብሬያቸው ስለሆነ አሁን እነሱ በእኔ ይፈርዳሉ። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከዚያ የባሰ ነገር ነበር። የመለስኩ እንደሆነ አብሬ እየሠራሁ ነው ማለት ነው። አብሬ ከሠራሁ ደግሞ "የኛ ነው፤ እነሱ አያውቁትም" ማለት አልችልም። ሙዚቃውን ሳልሠራበት ባለቤቱ መሆን ነበር የፈለግኩት። እነዚያ ሰዎች ለአንድ ሐረግ ስንት ቀን እንደለማመዱ እግዜር ይወቅ። እኔ ምንም አልለፋሁበትም። ከእናቴ ቤት በነፃ ያገኘሁትን ሁለት ቃል ሰስቼ ያዝኩት።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ዘመዳችን ትዝ አለኝ። እሱ እንኳ ሲነግሩት ገብቷል።

ብሩክ ለሦስተኛ ጊዜ አወረደ። በዚህ ጊዜ ከጀርባዬ፣ ከበሩ በኩል፣ አንድ ወፍራም ሻካራ ድምፅ ተቀበለ። ክለቡን ሞላው። ዞር ስል አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ቆመዋል። የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ የሚያብለጨልጨው ሰደርያ እንኳ አልወለቀም። ከሥራ በቀጥታ የመጡ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የተቀበሉት። ፊት ያሉት አሜሪካውያን ዞረው አዩዋቸው፤ ቃሉን ከአፋቸው ወሰዱ። በአራተኛው ቤቱ ሁሉ መለሰ። "ጨ"ዋ አልተስተካከለችም፤ ቦታዋ ግን ልክ ነበረች። ጎኔ የነበረው ልጅም መለሰ።

እኔ በአራተኛውም አልመለስኩም። ያን ጊዜ ያመለጠኝ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ካጨደ በኋላ ማጭድ ማንሳት አፈርኩ።

በሩ ላይ

ሲያልቅ ነርሷ ሲዲ ለመግዛት ተሰለፈች፤ እኔ ውጪ ወጣሁ። ሰውዬው በሩ አጠገብ ቆመው ብርዱን ይምጋሉ። ሰላም አልኳቸው።

"ጋሼ፣ ጥሩ ተቀበሉ" አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

"አንተ ልጅ፣ እዚያው አልነበርክም እንዴ?" አሉኝ።

"ነበርኩ።"

"ታዲያ ምን ነካህ?" አሉኝ በደግ ድምፅ። እውነት ጠይቀውኝ ነው። መልስ ስላልነበረኝ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸውም አልገፉኝም።

አዲስ አበባ ነው ያደጉት። ልጅ ሳሉ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲጫወት አይተዋል። ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት ዓመታት ማታ ማታ የማይሄዱበት ቤት አልነበረም። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ከዚያ ስደት። ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ። "ከዚያ ወዲህ ትሮምቦን ሲነፋ ያየሁት ዛሬ ነው" አሉኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን ጠብታ አልቀመሱም ነበር። ያወጣው ሙዚቃው ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ተራ አለባቸው። ስልካችንን ተለዋወጥን። ሰደርያቸው በመንገድ መብራት እያብለጨለጨ ወደ ባቡሩ ወረዱ።

በኋላ ብዙ ጊዜ እሳቸውን ሳስብ የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ይመጣብኛል። ባንዱ በ1981 አሜሪካ መጥቶ ገሚሱ እዚሁ ቀረ። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እኛ በእሱ ታክሲ ስንሄድ የኖርን ሰዎች አላየነውም። በ2013 የድሮ ካሴቱን እንደገና አሳትሞ ለዓለም ያሰማው አሜሪካዊ አሳታሚ ነው። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ራሴንም ከዚያው ስለምቆጥር ነው።

ሒሳቡ

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አንድ ነገር አሰላሁ። መቶ ሃምሳ ሰው በ12 ዶላር 1,800 ዶላር ነው። ክለቡ ድርሻውን ያነሳል። ለድምፅ ባለሙያው ይከፈላል። ቤንዚን አለ። የቀረው ለአሥራ አንድ ይካፈላል። እኔ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ስሠራ የማገኘው ከእያንዳንዳቸው ድርሻ ሳይበልጥ አይቀርም። በዚህ ሒሳብ አሥራ አንድ ሰው ይዞ መዞር ኪሳራ ነው። በሦስት ሰው፣ በአንድ ኪቦርድ ያዋጣቸው ነበር። ባንዱን ያቋቋመው ሳክስፎን ተጫዋቹ ዳኒ መኮንን ሱዳን ተወልዶ ቴክሳስ ያደገ ነው። ስሙን ደቦ ሲለው እንዲያው አምሮት አልነበረም ለካ። በደቦ ካልሆነ ይህ ሥራ አይሠራም። የሚጎድለውን ሰው ይሞላዋል ተብሎ የሚገባበት ነው፤ ማይኩ ወደ እኛ ሲዞር ይህንኑ ነበር የሚጠይቀው።

ስለ ሰርዶውና ስለ በሬውም አሰብኩ። እነዚያ "የኛ" ያልኳቸው መለከቶች እኮ አዲስ አበባ የገቡት በሰው እጅ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ አባትና እናታቸውን ያጡ ልጆች፣ መለከት ነፍተው ለእኛ ሙዚቃ በር ከፈቱ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ሠራ። ያኔ ጃንሜዳ ዳር ቆሞ እጁን አጣጥፎ "እነዚህ ከየት ያውቁታል" ያለ ሰው ይኖር ይሆን? ሳይኖር አይቀርም። ተቀብሎ የመለሰ ሰው ባይኖር ግን እኔ የምኮራበት ነገር አይኖርም ነበር። ከደቦ ባንድ ቫዮሊኒስቶች አንዷም ቆይታ አዲስ አበባ ኖራለች፤ እዚያው ከመሰንቆና ከክራር ተጫዋቾች ጋር ቋንቋ የሚባለውን ባንድ መሥርታለች። እኔ ከአገሬ ወጥቼ በቀረሁባቸው ዓመታት እሷ እዚያ ገብታ ስትቀበል ነበር።

ጋሼን አልፎ አልፎ እደውልላቸው ነበር። በዓል ሲሆን፣ በረዶ ሲከብድ። ስለዚያ ማታ ግን አንስተን አናውቅም።

በ2016 ባንዱ ሁለተኛ አልበሙን አወጣ። ካምብሪጅ እንደሚጫወቱ ስሰማ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሳቸው ነው። "ልጄ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮ አይደለም፤ ቆሜ አልችልም" አሉ። በመኪና ሄጄ አመጣቸዋለሁ አልኩ። ቤታቸው ስደርስ ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። በሩ ላይ ለሁለታችንም ልክፈል ስል እጄን ገፍተው እሳቸው ከፈሉ።

"የት እንቁም?" አልኳቸው።

"ፊት ነዋ!"

ፊት ቆምን። መድረኩ ደረታችን ላይ ነው። ሱዛፎኑ ሲተነፍስ ኮሌታዬ ይንቀሳቀሳል። ጋሼ በአንድ እጃቸው መድረኩን ተደግፈዋል፤ በሌላው የእኔን ክንድ ይዘዋል፤ ስለዚህ እጄን ላጣጥፍ ብል እንኳ አልችልም። አንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ከዚያ ያ ጨዋታ መጣ። ገና ሲጀምር አወቅነው፤ ጋሼ ክንዴን ጠበቅ አደረጉ። መለከቶቹ በአንዴ ቆሙ። ድራሙና ሱዛፎኑ ብቻ ቀሩ። ብሩክ አወረደና ማይኩን ወደ እኛ አዞረ።